ግሎባል ያንግ አካዳሚ እና የወጣት ሳይንቲስቶች ዲፕሎማሲ

ግሎባል ያንግ አካዳሚ በ2010 በበርሊን የተመሠረተ የወጣት ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ አካዳሚ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ2008 እና በ2009 ቻይና ውስጥ በተካሄዱት የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የበጋ ስብሰባዎች ላይ፣ የሳይንስ አካዳሚዎች ኅብረት የሆነው አይኤፒ የጋበዛቸው ወጣቶች ሲወያዩ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ የሚገኘው ሃሌ ከተማ፣ በጀርመን ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በሊዮፖልዲና ዘንድ ነው። ሊዮፖልዲና የተቋቋመው በ1652 ስለሆነ፣ ወጣቱ አካዳሚ የተጠጋው እጅግ አንጋፋ ቤት ነው።

«ወጣት» የሚባለው በልደት ሳይሆን በሥራ ዘመን ነው፤ አብዛኞቹ ሲገቡ ዶክትሬታቸውን ከያዙ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው፣ ከ30 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። የአባላቱ ቁጥር ከ200 አይበልጥም። አንድ አባል 5 ዓመት አገልግሎ ይወጣል። ለምርጫው የምርምር ብቃት ብቻውን አይበቃም፤ እጩው ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ለኅብረተሰቡ የሠራው ነገርም ይታያል።

ከዲፕሎማሲ አንጻር ዋናው ነጥብ አባሉ የሚቀመጠው በራሱ ስም እንጂ በመንግሥቱ ውክልና አለመሆኑ ነው። ልዩነቱን ለማየት የሕዳሴ ግድብን ድርድር ማስታወስ ይበቃል። በግንቦት 2018 የውሃ አሞላሉን አማራጮች እንዲያጠና የተቋቋመው ሳይንሳዊ ቡድን 15 አባላት ነበሩት፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ አምስት አምስት። ስሙ «ገለልተኛ» ቢልም ወንበሮቹ በአገር የተከፈሉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቡድን የሚሰበሰበው ችግሩ ከተፈጠረ በኋላ ነው። የወጣቶቹ መረብ ግን ሰዎቹን ከችግሩ በፊት ያስተዋውቃል፤ ጥቅሙም ከሚያወጣቸው መግለጫዎች ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲና የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር በ2010 ባወጡት ሰነድ የሳይንስ ዲፕሎማሲን በሦስት ከፍለውታል፦ ሳይንስ ለውጭ ፖሊሲ ምክር ሲሰጥ፣ ዲፕሎማሲ ለሳይንስ ትብብር መንገድ ሲጠርግ፣ ሳይንስ ራሱ በአገሮች መካከል ድልድይ ሲሆን። ለሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዮርዳኖስ ውስጥ በ2017 የተመረቀው ሴሳሚ፣ ኃይለኛ ብርሃን የሚያመነጭ ግዙፍ መሣሪያ ያለው የምርምር ማዕከል ነው፤ ኢራንና እስራኤል ሁለቱም አባል ናቸው። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ግዙፍ መሣሪያ የሚገነቡበት ገንዘብ የላቸውም። የእነሱ መሣሪያ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ አባላት በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሠሩበት የሥራ ቡድን ነው፤ ጉዳዩ ለምሳሌ የወጣት ተመራማሪዎች የኑሮና የሥራ ሁኔታ፣ ወይም ከአገራቸው የተሰደዱ ምሁራንን መደገፍ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በጥቃቅን ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት በቪዛ። ጀርመን ለሚደረግ ስብሰባ የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 45 ቀንም ሊዘልቅ ይችላል፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2024 መደበኛውን ራሱን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የቀጠሮ ወረፋው ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የግብዣ ደብዳቤው የስብሰባውን ቀን፣ ማደሪያውንና ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም «ወደ አገሩ ለመመለሱ ማረጋገጫ የለም» ተብሎ ሊከለከል ይችላል፤ የሥራ ውሉ የአንድ ዓመት የሆነ ወጣት ተመራማሪ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የስብሰባ ቦታ መምረጥ ራሱ ዲፕሎማሲ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በ2012 ጆሃንስበርግ፣ በ2023 ኪጋሊ ተካሂዷል፤ ሩዋንዳ ከ2018 ጀምሮ ለማንኛውም አገር ዜጋ ሲደርስ ቪዛ ትሰጣለች።

በኢንተርኔት መሰብሰብም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል ቶኪዮ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ በበጋቸው ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት። የእኛ ሰው «በ9 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ ሌላው በጠዋት ተነሥቶ ባዶ ስክሪን ሊጠብቅ ይችላል፤ ቀጠሮን በግሪንዊች ሰዓት መጻፍ ያዋጣል።

ሥራው ክፍያ የለውም። ማስተማሩም ምርምሩም እንዳለ ስለሆነ ቡድኖች ከጊዜ በኋላ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። አምስት ዓመቱ አዲስ ደም ያስገባል፤ ግን አንድ አባል ከሚኒስቴር ሰው ጋር ለመተማመን ብቻ ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፣ ከዚያ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ የቡድን መሪ ተተኪውን ማስተዋወቅ ያለበት በአራተኛው ዓመት ነው፤ በኢሜይል ሳይሆን፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው።