ሶፍትዌሩ ደህና ነው፣ ቁልፉን ፈልጉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከኢንክሪፕሽን፣ ማለትም ፋይልንና መልእክትን ቁልፍ ከሌለው ሰው ከሚቆልፈው ዘዴ ጋር የተጣላ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል»። ከፍቼ ሳየው ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ቁልፉ ጋ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ፋይሉን ላኩልኝ፣ ቁልፉን ግን አልላኩልኝም»

መላክም የለባቸውም። እንደ ጂፒጂ ያሉ የመቆለፊያ ፕሮግራሞች ሁለት ቁልፍ ይፈጥሩላችኋል። ፐብሊክ ኪይ የሚባለው እንደ ክፍት ጓጉንቸር ነው። ለፈለጋችሁት ሰው ትሰጣላችሁ፣ እሱ መልእክቱን አስገብቶ ቀጭ ያደርገዋል። የሚከፍተው ግን እናንተ ዘንድ ያለው ፕራይቬት ኪይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉ አልከፈት ካለ ላኪውን ቁልፍ አትጠይቁት። «በየትኛው ጓጉንቸሬ ቆለፍከው?» በሉት። የድሮ ቁልፋችሁን ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድ ደንበኛዬ ሁለቱን አምታቶ ፕራይቬት ኪዩን በቴሌግራም ለባልደረባው ልኮ ነበር። ያንን ቁልፍ «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» ብሎ ከማሳወቅና አዲስ ከመፍጠር በቀር መላ የለውም።

«የኮምፒውተሩ ቀን ቢሳሳት ምን ችግር አለው?»

ይህን በደንብ ላጫውታችሁ። ባለፈው ጥቅምት፣ ውርጩ ገና ሳይነሳ፣ አንድ አባት ከመሐል ሜዳ ሲፒዩ በጋቢ ጠቅልለው መጡ። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባቸው አዲስ ቁልፍ ልኮላቸዋል። ፕሮግራሙ ግን «ይህ ቁልፍ የተፈጠረው ወደፊት ነው» እያለ አልቀበል ይላል። ሦስት ጊዜ አጥፍተው ጭነውታል። እኔ ያየሁት የስክሪኑን የታችኛውን ጥግ ነው። ዓመቱ 2018 ይላል።

«ጋሼ፣ ቀኑን ማን ነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይዛባል። ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ?»

ነው እንጂ። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ለእሱ 2025 ነበር። ባልደረባቸው በ2025 የፈጠረው ቁልፍ 2018 ላይ ለቆመ ማሽን ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የመሰለች ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለውን፣ ቀየርኩና ቀኑን አስተካከልኩ። ቁልፉ ወዲያው ገባ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 3 ሰዓትን 3፡00 ብላችሁ ከሞላችሁት ማሽናችሁ 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ የዚያኑ ዕለት የተፈጠረ ቁልፍ ሲመጣለት «ወደፊት ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

«ቀኑ ያለፈበት ቁልፍ አበቃለት»

አላበቃለትም። ፕራይቬት ኪዩና ፓስወርዱ እጃችሁ ላይ ካሉ ቀኑን ማራዘም ትችላላችሁ። ከዚያ ፐብሊክ ኪዩን ለወዳጆቻችሁ እንደገና ላኩ፣ አለበለዚያ እነሱ ዘንድ ያለው ቀኑ እንዳለፈበት ይቀራል። ወደ አዲስ ቁልፍ ብትዞሩም የድሮውን አትጣሉ። የድሮ ኢሜይሎቻችሁን የሚከፍተው እሱ ነው።

«ክሊዮፓትራ ላይ ካስገባሁት ተንደርበርድም ያገኘዋል»

ክሊዮፓትራ የጂፒጂ ቁልፎች የሚያዙበት ፕሮግራም ነው፣ ተንደርበርድ ደግሞ የኢሜይል ፕሮግራም። ድሮ ሁለቱን የሚያገናኝ ኤኒግሜይል የሚባል ተጨማሪ በነበረ ጊዜ እውነት ነበር። በፈረንጅ 2020 የወጣው ተንደርበርድ 78 ግን የራሱን የቁልፍ ሳጥን ይዞ መጣ። ከክሊዮፓትራ ፕራይቬት ኪዩን አውጥታችሁ ተንደርበርድ ውስጥ ለብቻው አስገቡት።

«ካስቸገረ ፎርማት ይደረግ»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እኔው ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የአንዲት ደንበኛዬን ላፕቶፕ ፎርማት አደረግሁ። ዶክመንቶቿንና ፎቶዎቿን በጥንቃቄ ቀድቼ ነበር። ቁልፉ ግን ዴስክቶፕ ላይ አይቀመጥም። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ እዚያ አልገባሁም። የሁለት ዓመት ሥራዋ ፍላሹ ላይ ተቆልፎ አለ፣ የሚከፍተው ግን የለም። «እህቴ፣ ይቅርታ» ከማለት ሌላ ምንም አልነበረኝም።

አሁን ዊንዶውስ ከመነካቱ በፊት ፕራይቬት ኪዩን ኤክስፖርት አድርጌ ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱ ለባለቤቱ ቤት፣ አንዱ ሌላ ቦታ። የቅርብ ጊዜዎቹ የጂፒጂ ቅጂዎች ቁልፍ ሲፈጥሩ የመሰረዣ ሰነድ አብረው ያዘጋጃሉ፣ እሱንም እቀዳለሁ። ሰነዱ ግን ፋይል አይከፍትም። «ይህን ቁልፍ ከእንግዲህ አትጠቀሙ» ብሎ ለሌሎች ለመንገር ብቻ ነው።

የቁልፉ ፓስወርድ ከተረሳም «ፓስወርድ ረሳሁ» ተብሎ የሚጫን ነገር የለም። ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት ስለሌለ ነው። እኔም አልከፍተውም። እከፍተዋለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

«ቆልፌዋለሁ፣ ዋናው ፋይልም አብሮ ተቆልፏል»

ፋይል ስትቆልፉ የሚፈጠረው ቅጂ ነው። ዋናው እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ፍላሹን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት እዩት። በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕም ውስጡ ያሉትን የፋይል ስሞች ያሳያል።

«ኢሜይሉ ከተቆለፈ ሁሉ ነገር ተቆልፏል»

ላኪው፣ ተቀባዩና ቀኑ ይታያሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ርዕሱንም አይሸፍኑም። አንዱ ደንበኛዬ ደብዳቤውን አሳምሮ ቆልፎ ርዕሱ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ አግኝቼዋለሁ፦ «የደሞዝ ጭማሪው ዝርዝር፣ ማንም እንዳይሰማ»።