የትዳር ጓደኛ ቤተሰብ ጥሎ ሲሄድ፦ በአዲስ አበባ ያሉ የሕግና የኑሮ አማራጮች

ቤተሰብ ጥሎ መሄድ የምንለው ከባልና ሚስት አንዱ ቤቱን ለቆ ወጥቶ ለትዳር ጓደኛውም ለልጆቹም ማድረግ ያለበትን ሲያቆም ነው። በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ ሰፈሮች ነገሩ በብዙ መልኩ ይታያል። አንዱ ሥራ ብሎ ክፍለ ሀገር ወይም ዓረብ አገር ይሄዳል፤ መጀመሪያ ይልካል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ በኋላ ስልኩም አይነሳም። ሌላው እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ቤት ተከራይቶ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ደብዛው የሚጠፋም አለ። ብዙውን ጊዜ ከልጆች ጋር የምትቀረው ሚስት ናት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ በእሷ በኩል ሆነን እንናገራለን። ሕጉ ግን ሚስት ጥላው ለሄደች ባልም ያው ነው።

በአዲስ አበባ የሚሠራው ሕግ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ ድሬዳዋም በዚሁ ሕግ ትተዳደራለች፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። ፍቺንም በምክንያት ያስር ነበር። ጥሎ መሄድ ራሱ ከከባድ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተጽፎ ነበር፤ ግን የሄደው ሰው የት እንዳለ ሳይታወቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ ነበረበት። የአሁኑ ሕግ ይህን ትቶታል። አንዱ ወገን ብቻውን ፍቺ መጠየቅ ይችላል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ያም ሆኖ ፍቺ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ቀለብ ነው። ባልና ሚስት የመረዳዳትና የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው፤ ትዳሩ እስካለ ድረስ ይህ ግዴታ ከቤት በመውጣት አይቀርም። ስለዚህ ሚስት ፍቺ ሳትጠይቅ ለራሷም ለልጆቿም ቀለብ እንዲቆረጥ መክሰስ ትችላለች። ከፍቺ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። የልጆች ቀለብ ይቀጥላል፤ የቀድሞ ባል ለቀድሞ ሚስቱ በየወሩ የመክፈል ግዴታው ግን ከትዳሩ ጋር ያበቃል። ይህን ሳያውቁ በንዴት ፍቺ ብቻ ጠይቀው የሚመለሱ ሴቶች ብዙ ይጎዳሉ።

የቀለቡ መጠን በሕግ በመቶኛ አልተወሰነም። ዳኛው ሁለት ነገር ያያል፦ የጠያቂው ችግር ምን ያህል ነው፣ የሚከፍለውስ አቅሙ ምንድን ነው? አቅሙን ማሳየት የከሳሽ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ደሞዝተኛ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ጠይቆ ደሞዙን ያውቃል፣ ከደሞዙም ተቆርጦ እንዲከፈል ያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። ችግሩ መርካቶ የሚነግደው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ በድለላ የሚኖረው ላይ ነው። «ገቢ የለኝም» ይላል። እዚህ ላይ የንግድ ፈቃዱ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የሱቁ የኪራይ ውል፣ በፊት ይልከው የነበረው ብር የባንክ ደረሰኝ ትልቅ ዋጋ አላቸው። ቅጂያቸው ቤት ውስጥ ካለ ከመጥፋቱ በፊት ይያዝ። ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅም ይቻላል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ቀለብ ሲጠራቀም የሚጠብቅ ዕዳ አይደለም። የመክፈያው ጊዜ ከደረሰ በኋላ ሦስት ወር ሳይጠየቅ ያለፈ ቀለብ፣ ጠያቂዋ ለመኖር የግድ እንደሚያስፈልጋት ካላስረዳች በስተቀር ይቀራል። «ልቡ ይመለስ ይሆናል» ብሎ ዓመት መጠበቅ የዓመቱን ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል።

አባትየው ምንም የሌለው ወይም ጭራሽ የማይገኝ ከሆነስ? ሕጉ የቀለብ ግዴታን በአባትና በእናት ብቻ አይወስነውም። አያቶችም ለልጅ ልጆቻቸው ግዴታ አለባቸው። አቅም ያለው አያት ካለ እሱን መጠየቅ ይቻላል። በባህላችን አማትን መክሰስ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ያልቃል፣ ቢያልቅም ጥሩ ነው። ግን ጥያቄው ልመና እንዳልሆነ ሽማግሌዎቹም ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። መሃል ከተማ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የልደታውን ምድብ ችሎት ነው፤ ሌሎችም በየአካባቢው አሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጋብቻው ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ካለ ጉዳዩ ያጥራል። ከሌለ፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲታዩ መኖራቸውን በምስክር ማስረዳት ይቻላል፤ ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ ሠርግ የበላ ዘመድ። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይወጣል። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ያለ ጋብቻ የተወለደም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት እኩል መብት አለው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ከሕግ ውጭ አይደሉም፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

ባልየው አድራሻው ካልታወቀ መጥሪያ በጋዜጣ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የምናያቸው የፍርድ ቤት ጥሪዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ተጠርቶ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። መጥፋቱ ክሱን አያቆመውም።

የገንዘብ አቅም ለሌላት «በደሃ ደንብ» መክሰስ አለ፤ ችግረኛ መሆኗን አስረድታ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል መዝገብ ትከፍታለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ከተቋቋመ ጀምሮ ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ክስ ለሚጽፍ ሰው ብር ከመክፈል በፊት እነዚህን ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ንብረት ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሁሉ፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ኮንዶሚኒየሙ በእሱ ስም ነው፣ መኪናው በእሱ ስም ነው ብላ የተቀመጠች ሴት ድርሻዋ ግማሽ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ብቻውን ከሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ቀን የተቆጠረበት ነው፦ ካወቀች ስድስት ወር፣ ቢበዛ ከውሉ ሁለት ዓመት። ከተሸጠ በኋላ ከመሟገት ይልቅ ቀድሞ እግድ ማውጣት ይቀላል። ፍርድ ቤቱ ለይዞታ ምዝገባው፣ ለባንኩ ወይም ተሽከርካሪ ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ንብረቱ እንዳይተላለፍ ይጽፋል። ዕዳም አይረሳ። ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ብድር የሁለቱም ነው፤ አበዳሪው የቀረችውን ሊይዝ ይችላል።

የቀበሌ ቤት ሌላ ጣጣ አለው። ንብረት ስላልሆነ አይካፈልም፤ የኪራይ ውሉ ግን በጠፋው ባል ስም ይሆናል። ከ2016 ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የውሉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ክብደቱ ጨምሯል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት የጋብቻዋን ማስረጃና የልጆቿን መረጃ ይዛ ጉዳዩን ለወረዳው በጽሑፍ ብታሳውቅ፣ ቅጂውንም ብታስቀር ጥሩ ነው።

ፍቺ ራሱ ሲመጣ፣ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፣ ማፋታት አይችልም። «በሽማግሌ ተለያይተናል» የሚል ወረቀት የያዘች ሴት በሕግ ያገባች ናት። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራል፤ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፣ ከሦስት ወር ግን አይበልጥም። እስከዚያ ልጆቹ ማን ጋ ይሁኑ፣ ቀለቡ ስንት ይሁን፣ ንብረቱን ማን ያስተዳድር የሚለውን በጊዜያዊ ትእዛዝ ይወስናል። ይህን ትእዛዝ በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲፋቱ የጋራ ንብረቱ እኩል ይካፈላል፤ ጥፋቱ ከአንዱ ወገን ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ካሣም ሊወሰን ይችላል።

ደብዛው ለጠፋ ሰው የተለየ መንገድ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ከተሰጠ ጋብቻው በዚያው ይፈርሳል። ባልየው በሕይወት እንዳለ የምታውቅ ሴት ግን ይህ መንገድ የሷ አይደለም።

የወንጀል በርም አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለ ሰው፣ ተበዳይ ካመለከተ፣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። በቀድሞው ጋብቻ ላይ ሌላ ያገባም በአንቀጽ 650 ይጠየቃል። እነዚህን ለማስፈራሪያ ብቻ መጥቀስ የሚበቃበት ጊዜ አለ። የታሰረ ሰው ደሞዝ እንደሌለውም ማሰብ ደግ ነው።

ፍርድ ቤት እስኪወስን ግን ልጅ ይርበዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በከተማዋ ተማሪ ይመግባሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣሉ። ልጁን ከግል ትምህርት ቤት ማዛወር ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ በወር የሚተርፈው ብር ግን የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል የከተማ ሴፍቲኔት ምልመላ ሲኖር መመዝገብ ይቻላል፤ መሥራት የሚችል በሥራ፣ የማይችል በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። እድሩ በባል ስም ከሆነ ወደ ራስ ማዛወር፣ እቁቡ ላይ የገባ ብር ካለ ለሰብሳቢው ቶሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የጋራ የባንክ ሂሳብ ካለ የሂሳቡን መግለጫ በጊዜ ማስወጣት ለፍርድ ቤቱም ማስረጃ ይሆናል።

ቀለብ ከተፈረደ በኋላ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ፍርዱ ብቻውን ብር አያመጣም። የፍርዱን ግልባጭ ይዞ፣ የሚሠራበትን ወይም ብር የሚያስቀምጥበትን ቦታ ጠቁሞ መጠየቅ ነው። መሥሪያ ቤት ከቀየረ አዲሱን መጠቆም የእሷ ድርሻ ይሆናል፤ መዝገቡ ተዘግቶም ከሆነ እንደገና ማንቀሳቀስ ይቻላል።