የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለአረጋውያን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሰባ አራት ዓመት አባት ናቸው እንበል። ልጃቸው ከሜሪላንድ ለዕረፍት መጥቶ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ቼክአፕ ያድርጉ» ብሎ ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰዳቸው። በማግስቱ የወጣው ወረቀት ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ደርድሮ ከታች አንድ መስመር ጨምሯል፦ ፒኤስኤ 5.8፣ አጠገቡ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፣ ቀጥሎም «ከ0 እስከ 4» የሚል መለኪያ። ይህ መስመር እንዲጨመር ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም፤ የሽንት ችግርም ሆነ ሌላ ሕመም የለባቸውም። ማታ ቤት ውስጥ ግን ወሬው ሁሉ ስለዚያች ቀስት ሆነ።

ፒኤስኤ የፕሮስቴት ዕጢ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ዕጢው ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን የሚከብብ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ በዋናነት ወደ ዘር ፈሳሽ፣ በጥቂቱ ደግሞ ወደ ደም ይገባል። በነገራችን ላይ «ምርመራ» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል፤ ታሞ ሐኪም ዘንድ ለሄደ ሰው የሚደረገውንም፣ ምንም ሳይሰማው «እስቲ ልታይ» ላለ ሰው የሚደረገውንም በአንድ ስም እንጠራለንና። ሁለተኛው ቅድመ ምርመራ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው በእርሱ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳይቃጠል በቅጠል፤ ካንሰር ቶሎ ከተገኘ ምንጊዜም ይጠቅማል»

ተረቱ ለማኅፀን በር ካንሰር በትክክል ይሠራል። እዚያ ቅድመ ምርመራው ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም በቀላል ሕክምና ይወገዳል። ፕሮስቴት ላይ ግን እሳቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በጥቂት ዓመታት ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ ብዙው ደግሞ ሰውየው በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ከዕጢው ሳይወጣ እንደ ተዳፈነ ፍም ይቀመጣል። በሌላ ሕመም ወይም በአደጋ የሞቱ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወንዶች አስከሬን ሲመረመር ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በሚሆኑት ፕሮስቴት ውስጥ ካንሰር ይገኛል። በሕይወት ሳሉ አላወቁትም፤ እርሱም አልነካቸውም። እንዲህ ያለውን ካንሰር ፈልጎ ማግኘት የዚህ ቅድመ ምርመራ ትልቁ ጉዳት ነው፤ «ካንሰር» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ቤተሰብም ሐኪምም እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብደዋልና።

ስለ ቅድመ ምርመራ ምክር የሚያወጣው የባለሙያዎች ቡድን፣ የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል፣ በ2018 ያወጣው ስሌት ነገሩን በሰው ቁጥር ያሳየናል። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 የሆነ 1000 ወንዶች ለ13 ዓመታት ያህል በየጊዜው ቢመረመሩ፣ 240 ያህሉ ከፍ ያለ ውጤት ያገኛሉ፤ 100 ያህሉ በባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው በመርፌ በሚወሰድ ናሙና፣ ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ 80 ያህሉ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይታከማሉ። ከሕክምናው የተነሣ 50 ያህሉ ለስንፈተ ወሲብ፣ 15 ያህሉ ሽንት መቋጠር ወደ አለመቻል ይደርሳሉ። በዚህ ሁሉ ከፕሮስቴት ካንሰር ሞት የሚተርፈው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ነው፤ ሦስት ያህሉ ደግሞ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከመዛመት ይድንላቸዋል። አምስቱ እየተመረመሩም በዚሁ ካንሰር ይሞታሉ።

ይህን አንብቦ «እንግዲያው ምርመራው ከንቱ ነው» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ23 ዓመታት የተከታተለውና የመጨረሻ ውጤቱ በ2025 የወጣው ጥናት፣ ለምርመራ የተጠሩት ወንዶች ካልተጠሩት ይልቅ በፕሮስቴት ካንሰር መሞታቸው በ13 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። ሲመነዘር፣ ለምርመራ ከተጠሩ 456 ወንዶች አንዱ ከዚህ ሞት ተርፏል ማለት ነው። ለዚያ አንድ ሰውና ለቤተሰቡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጊዜው ነው፤ በዚሁ ጥናት በተጠሩትና ባልተጠሩት መካከል ልዩነት መታየት የጀመረው ከሰባት ከስምንት ዓመት በኋላ ነበር።

«ዕድሜ በገፋ ቁጥር ምርመራው የበለጠ ያስፈልጋል»

አመክንዮው ቀጥተኛ ይመስላል፤ ካንሰሩ ከዕድሜ ጋር ስለሚበዛ አረጋዊ የበለጠ ይመርመር የሚል ነው። ነገር ግን ጥቅሙ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፈል ዕቁብ ሲሆን፣ ጉዳቱ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የሚከፈል ነው። የባዮፕሲው ኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የሽንት ማምለጥ፣ የጨረሩ ጣጣ በአረጋዊ ሰውነት ላይ ሲወርድ ይከብዳል፤ ጥቅሙ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ልብ፣ ስኳርና የደም ግፊት ቀድመው ሊደርሱ ይችላሉ። ይኸው የአሜሪካ ግብረ ኃይል በ2012 ማንም ወንድ በየጊዜው እንዳይመረመር መክሮ ነበር፤ በ2018 ለ55–69 ዓመት ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ራሳቸው እንዲወስኑ አሻሽሎታል። 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ግን ምክሩ አልተለወጠም፤ በዘልማድ አይመርመሩ ይላል።

ሰባ ዓመት የብረት አጥር ነው ማለቴ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከልደት ቀኑ ይልቅ ሰውየው ይበልጥ ይናገራል። በየማለዳው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚራመዱ፣ ወላጆቻቸው ዘጠና የዘለቁ የ72 ዓመት አባት፣ ልባቸው ከደከመና ኩላሊታቸው ከተጎዳ የ66 ዓመት ሰው ይልቅ ከምርመራው ሊጠቀሙ ይችላሉ። ውሳኔው የሚመዘነው ሰውየው ከዚህ በኋላ ቢያንስ አሥር ዓመት በሕይወት ይቆያል ተብሎ በሚጠበቅበት ተስፋ ነው።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በግንቦት 2025፣ በ82 ዓመታቸው፣ ወደ አጥንት የተዛመተ የፕሮስቴት ካንሰር እንደተገኘባቸው ሲነገርና የመጨረሻው የፒኤስኤ ምርመራቸው በ2014 እንደነበረ ሲታወቅ፣ ብዙ ሰው «አያችሁ፣ አረጋውያን መመርመር ነበረባቸው» አለ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን ታሪክ በአንጻሩ ሌላውን ገጽ ያሳያል፤ በ70 ዓመታቸው ካንሰሩ በቅድመ ምርመራ ገና በጠዋቱ ተገኝቶ በታኅሣሥ 2023 በቀዶ ሕክምና ታከሙ፤ ከአሥር ቀን ያህል በኋላ ግን በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተመልሰው ሆስፒታል ገቡ። የታወቁ ሰዎች ዜና የሚያሳየን የደረሰውን ብቻ ነው፤ ባለመመርመራቸው አንዳች ሳይጎድልባቸው ያረጁት ዜና አይሆኑም።

«ቀስቱ ወደ ላይ ከሆነ ካንሰር ነው፤ ከ4 በታች ከሆነ ነጻ ነኝ»

ፒኤስኤ የፕሮስቴት መለኪያ እንጂ የካንሰር መለኪያ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የዕጢው ማበጥ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የዕጢው ቁጣ፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) መግባቱ፣ ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የተደረገ ግንኙነት ወይም ረጅም የብስክሌት ጉዞ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ውጤታቸው ከ4 እስከ 10 ከሆነው ወንዶች ባዮፕሲ ሲደረግላቸው ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። ላቦራቶሪዎች ለአርባ ዓመቱም ለሰባ አራት ዓመቱም ያንኑ 4 ማተማቸው ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ዕድሜን ያገናዘቡ ሰንጠረዦች በሰባዎቹ ላሉ ወንዶች እስከ 6.5 ድረስ ይፈቅዳሉ። በመግቢያው ያየናት ቀስት በዚህ ስሌት ወደ ላይ ማመልከት አልነበረባትም።

ዝቅተኛ ቁጥርም ዋስትና አይሰጥም። በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤአቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶች ሁሉ ባዮፕሲ እንዲደረግላቸው አድርጎ 15 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር አግኝቷል፤ አብዛኛው ግን ጠበኛ ያልሆነው ዓይነት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለፕሮስቴት ማበጥ የሚታዘዘው ፊናስቴራይድ የተባለው መድኃኒት ከወራት በኋላ ፒኤስኤውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ውጤቱ 3 ከሆነ ሐኪሙ 6 አድርጎ ሊያነበው ይገባል። የሚወስዱትን ኪኒን ለሐኪሙ ሳይናገሩ ወረቀቱን ብቻ ማሳየት ለዚህ ነው የማይበቃው።

«ደም መስጠት ነው፤ ምን ይጎዳል? ከተገኘም ይውጣ»

ደም መስጠቱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሰንሰለቱ ቀጣይ ቀለበት ነው። በፊንጢጣ በኩል ከሚደረግ ባዮፕሲ በኋላ ከመቶ አንድ ያህል ሰው በኢንፌክሽን ወይም በሌላ ጣጣ ሆስፒታል ይተኛል። በአንዳንድ አገሮች መጀመሪያ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ተነሥቶ አጠራጣሪ ቦታ ሲታይ ብቻ ናሙና መውሰድ እየተለመደ በመምጣቱ ከንቱ ባዮፕሲና አላስፈላጊ ግኝት ቀንሷል፤ ዕጢው በሙሉ በቀዶ ሲወጣ ግን ከአምስቱ አንዱ ለረጅም ጊዜ የሽንት ማምለጥ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ደግሞ ስንፈተ ወሲብ ይገጥማቸዋል።

«ይውጣ» የሚለው ፍርድም ጥድፊያ አለበት። በብሪታንያ ካንሰሩ ከዕጢው ያልወጣባቸው 1643 ወንዶች በዕጣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረርና ለክትትል ተመደቡ፤ ከ15 ዓመት በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከመቶ ሦስት እንኳ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በሦስቱ ምድቦች መካከል የነበረው የሞት ልዩነትም ትንሽ ነበር። ካንሰሩ የመዛመቱ ነገር ግን በክትትል ላይ በነበሩት በእጥፍ ያህል በልጧል። ክትትል ሲባልም በየጊዜው ፒኤስኤ መለካት፣ ሲያስፈልግም ኤምአርአይና ድጋሚ ባዮፕሲ ማድረግ ነው። የኤምአርአይ ወጪ ከኪስ በሚከፈልበት አገር፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ አባት ይህ ክትትል በተግባር ይገኛል ወይ የሚለው ደም ከመሰጠቱ በፊት ሊነሣ የሚገባ ጥያቄ ነው።

«ሽንቴ ደህና ነው፤ ስለዚህ ካንሰር የለብኝም»

ያበጠው ዕጢ የሽንት ቧንቧን ከቦ ስለሚያድግ ቶሎ ያስቸግራል፤ ካንሰሩ ግን በአብዛኛው የሚነሣው ከዕጢው የውጭ ጠርዝ በመሆኑ ለዓመታት ዝም ይላል። ሌሊት አራት ጊዜ የሚያስነሣው ሽንት ብዙውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው።

ይህን ስል ግን የሚያመው ሰው ቤቱ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ሽንት የታገደበት፣ ደም የቀላቀለበት፣ ወገቡን ወይም ዳሌውን ሌሊት የሚያስቃስት ሕመም የያዘው፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው የቅድመ ምርመራ ክርክር አይመለከተውም፤ ሰባም ይሁን ዘጠና ዓመቱ፣ ዛሬውኑ ይታይ። በኢትዮጵያ ብርቱው ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ አባቶች «የእርጅና ነው» እያሉ፣ ሐኪሙ በጣቱ ዕጢውን በፊንጢጣ በኩል መዳሰሱንም እያፈሩ ቆይተው የሚመጡት ካንሰሩ አጥንት ከደረሰ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በተወሰነበት አገር፣ ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚቀርብለት ካንሰሩን የሚመግበውን ሆርሞን በመድኃኒት ወይም የዘር ፍሬን በማውጣት ማቆም ነው፤ ይህ ሕመሙን ለዓመታት ሊያስታግስ ይችላል እንጂ አይፈውስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህኛው ሰው ነው።

«ጥቁር ሁሉ እኩል ይሰጋል»

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዛቸው መጠን ከነጮች በ70 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ በዚሁ ካንሰር የመሞታቸው መጠንም እጥፍ ነው። ስለዚህም የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ከሐኪም ጋር ውይይቱ በ45 ዓመት እንዲጀመር ይመክራል። ነገር ግን ቁጥሩ የተሰበሰበው በአብዛኛው ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሚመዘዝ ወገኖች ነው፤ «ጥቁር» የሚለው የቅጽ ሣጥን ከጎንደር የሄደውንም ሰው አብሮ ስለያዘ ብቻ ቁጥሩ የእርሱ ነው ማለት አይቻልም። ለእኛም በእርግጠኝነት የሚሠራው የቤተሰብ ታሪክ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው ስጋቱ እጥፍ ያህል ነው፤ እናቱ ወይም እኅቱ በለጋ ዕድሜዋ በጡት ወይም በማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር የታመመችበትም በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ሊኖር ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ይንገር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለበት ሰው ሊያስብበት የሚገባው ግን በአርባዎቹ ነው።

የሰባ አራት ዓመቱን አባት ወረቀት የያዘ ጥንቁቅ ሐኪም ወደ ባዮፕሲ አይሮጥም። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ በቤተሰብ ማን እንደታመመ ይጠይቃል፤ ሽንታቸው ኢንፌክሽን እንደሌለበት ያያል፤ ከዚያም «ካንሰር ቢገኝብዎ መታከም ይፈልጋሉ ወይ?» ይላቸዋል። መልሳቸው «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቢላዋ አልገባም» ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ በዚያው ላቦራቶሪ ከስድስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ይለካሉ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በራሱ ወርዶ ይገኛል። የልጁ ዕረፍት በሁለት ሳምንት ስለሚያልቅ ሁለተኛውን ውጤት የሚሰማው በስልክ ነው።