ላፕቶፕና ትንንሽ መቅረጫዎች፦ የቤት ስቱዲዮ ዕቃዎች አጠቃላይ ዳሰሳ

ዛሬ የቤት ስቱዲዮ የሚባለው ነገር በአንድ የጀርባ ቦርሳ ይገባል። ላፕቶፕ፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን)፣ አንድ ማይክ፣ ሄድፎንና ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ ካለ ሙዚቃ መሥራት ይቻላል። በዚህ ዕቃ የተቀረጸ ድምፅ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ሥራ ጎን ሊቆም ይችላል ወይ? እንዴታ! ግን ሥራውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ነገር አይደለም። ዋናው ጉዳይ ድምፁ ማይኩ ጋ ሲደርስ ምን ይመስላል የሚለው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ርካሽ የሚባለው ሳጥንም ቢሆን ዛሬ አያሳፍርበትም።

ነገሩ የጀመረው ከላፕቶፕ በፊት ነው። ታስካም እ.ኤ.አ. በ1979 ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ፣ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀረጹ አራት የድምፅ መስመሮች፣ እያነባበረ መቅረጽ ቻለ። በ1983 ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች የጋራ መግባቢያ መጣና የተለያየ ፋብሪካ ኪቦርዶች እርስ በርስ መግባባት ጀመሩ። ፕሮ ቱልስ የተባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር በ1991 ብቅ ሲል ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ ልዩ ካርድ ይፈልግ ስለነበር ለተራው ሰው ቅርብ አልነበረም። መንገዱን የከፈተው ዩኤስቢ ነው። ዲጂዲዛይን በ2002 ያወጣው ኤምቦክስ የተባለ ኢንተርፌስ ኤሌክትሪኩንም መረጃውንም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ይወስድ ነበር። በ2011 የወጣው የፎከስራይት ቀይ ሳጥን፣ ስካርሌት 2አይ2፣ ደግሞ የዚህ ዓይነት ዕቃ መለያ እስከመሆን ደረሰ።

ኢንተርፌሱ ውስጥ ምን አለ?

ከማይክ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በጣም ደካማ ነው። ኢንተርፌሱ መጀመሪያ ፕሪአምፕ በሚባለው ክፍሉ ያጎላዋል፣ ቀጥሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በሲዲ ደረጃ፣ ማለትም በ44.1 ኪሎኸርዝ ሲሠራ፣ ድምፁን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካዋል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ስለሚሰማ፣ ከእጥፉ ትንሽ በላይ መለካት ይበቃል። ሥራው ለቪዲዮ ከሆነ 48 ኪሎኸርዝ ይመረጣል። 96 እና 192 የሚሉት ቁጥሮች ካርቶኑ ላይ ያምራሉ፤ ለአብዛኛው የቤት ሥራ ግን ፋይሉን ከማሳበጥ ያለፈ ፋይዳ የላቸውም።

እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቢት ቁጥር ግን ልብ ሊባል ይገባል። እያንዳንዱ ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ላለው ስፋት 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። 16 ቢት 96 ዴሲቤል ይሰጣል፤ 24 ቢት ደግሞ በስሌት ደረጃ 144። ጥቅሙ የሚታየው በቀረጻ ሰዓት ነው። በ24 ቢት ሲቀረጽ ጌይኑን፣ ማለትም ፕሪአምፑ ድምፁን የሚያጎላበትን መጠን፣ ጫፍ ድረስ መግፋት አያስፈልግም። ድምፃዊው በጣም ሲጮህ የድምፅ መጠን መለኪያው ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው። ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል፣ እንደነበረ የሚመልሰውም የለም። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ድምፃዊ ለሙከራ ሲዘፍን ቆጠብ ይላል፤ ቀረጻው ሲጀመር ግን ስሜቱ ይመጣል፣ ድምፁም ያይላል። ስለዚህ ጌይን የሚስተካከለው የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ አዘፍኖ ነው።

ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሁለት ማስገቢያ ይበቃዋል። ሙሉ ድራም የሚቀርጽ ግን ስምንት ያስፈልገዋል።

የመዘግየት ጣጣ

ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ትልቁ ችግር ሌተንሲ ነው፤ ማለትም የተዘፈነው ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ መሰማቱ። ላፕቶፑ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቀበልም። ባፈር በሚባል ማጠራቀሚያ ጥቂት ጥቂት እየሰበሰበ ነው የሚሠራው። ባፈሩ 128 ሳምፕል (ልኬት) ከሆነ በ44.1 ኪሎኸርዝ 2.9 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 512 ከሆነ 11.6 ይደርሳል። ድምፁ ገብቶ ደግሞ መውጣት ስላለበት እውነተኛው ቆይታ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል።

ለጊታሪስት 10 ሚሊሰከንድ ብዙም አይደለም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደመቆም ማለት ነው። ድምፃዊ ግን የራሱን ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያውኑ ይሰማዋል። በሄድፎን የሚመጣው ትንሽ እንኳ ከዘገየ ሁለቱ ይጋጩና ድምፁ ባዶ ባዶ ይልበታል፣ ቃናውንም መያዝ ይቸግረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኛው ኢንተርፌስ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ ሳይልክ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚያሳልፍ ማብሪያ አለው፤ ሲቀረጽ እሱን መክፈት ነው። ያን ጊዜ የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ውስጥ የዚያን ትራክ ማዳመጫ መዝጋት አይረሳ፤ ካልተዘጋ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ባፈሩ ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም የተቀረጹት ትራኮች ሲመጣጠኑና ሲዋሃዱ፣ ይጨመራል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የኢንተርፌሱን የራሱን ኤሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ ማገናኛ ሶፍትዌር) መጫን የግድ ነው። ማክ አብሮት በሚመጣው ኮር ኦዲዮ በተባለው የድምፅ ሥርዓት ስለሚሠራ እዚህ ላይ ጣጣው ያንሳል።

ማይኩና ክፍሉ

የማይክ ዓይነት በሁለት ይከፈላል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ኮንደንሰር ማይክ ጥቃቅኑን ሁሉ ይለቅማል። ለመሥራት ፋንተም ፓወር የሚባል 48 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህን ኢንተርፌሱ ራሱ በማይኩ ገመድ ይልክለታል። ዳይናሚክ ማይክ ደግሞ ያለዚህ ኃይል ይሠራል፣ ጠንካራ ነው፣ ከራቀ ድምፅ ይልቅ ፊቱ ያለውን ይይዛል። ሹር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ኤስኤም57 እስከ ዛሬ ስቱዲዮ አይለየውም።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ብዙ መመሪያ ለድምፃዊ ኮንደንሰር ይላል። ለባዶ ክፍል ግን ይህ ምክር ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ኮንደንሰር መጥፎ ክፍልን በጥራት ይቀርጻል፤ የጎረቤት ውሻም፣ የላፕቶፑ ማራገቢያም አይቀሩም። ክፍሉ ካልተስተካከለ በቅርበት የሚዘፈንበት ዳይናሚክ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ክፍሉ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መሐል ቆሞ አንዴ በኃይል ማጨብጨብ ነው። ከጭብጨባው በኋላ እንደ ብረት የሚርገበገብ ጭራ ከተሰማ፣ ድምፁ ትይዩ በሆኑ ባዶ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ይህን የሚገድለው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ልብስ የሞላ ቁምሣጥን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስስ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሚመጥ ክፍሉን ድፍን ያደርገዋል እንጂ ቤዙን አይነካውም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ አምስት ሳንቲሜትር ስፖንጅ ምን ሊያደርገው!

ከሁሉም በላይ ግን ዋጋ የማይጠይቀው መፍትሔ ርቀት ነው። ማይኩ ከአፍ በእጥፍ በራቀ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ክፍሉ የሚያስተጋባው ግን ባለበት ይቀራል። 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ከተጠጉ ቤዙ ያብጣል፤ “ፐ” እና “ጰ” የሚያወጡት ትንፋሽም ማይኩን ይመታዋል። ለዚህ ማይኩ ፊት የሚቆም ፖፕ ፊልተር የሚባል የትንፋሽ መከለያ አለ። አለዚያም ማይኩን ከአፍ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ነው። አብዛኞቹ ማይኮች ከጀርባቸው የሚመጣውን ስለማይሰሙ ጀርባቸው ወደ ላፕቶፑ ይሁን።

በቀጥታ ዩኤስቢ ላይ የሚሰኩ ማይኮችም አሉ። ለንግግር ይመቻሉ። ለሙዚቃ የሚያስቸግሩት ሁለተኛ ማይክ ያስፈለገ ቀን ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ራስ ምታት ይሆናል።

የቀሩት ዕቃዎች

ለቀረጻ ዝግ ሄድፎን ያስፈልጋል፤ ክፍት ከሆነ ምቱን የሚቆጥረው የሜትሮኖም ቀጭ ቀጭ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ኦሙም፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ይታይ። 250 ኦም የሆነ ሄድፎን ከዩኤስቢ ኃይል በሚወስድ ትንሽ ኢንተርፌስ ላይ ድምፁ ሊያንስ ይችላል፤ 32 ወይም 80 ይመረጣል። በጠባብ ክፍል ሞኒተር ስፒከር (ለስቱዲዮ ማዳመጫ የሚሠራ ስፒከር) ከመግዛት በፊት ጥሩ ሄድፎን ይቅደም። ስፒከሩ ከተገዛም ሁለቱና የሰሚው ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ።

የሚዲ ኪቦርድ ድምፅ የለውም። የሚልከው የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ብቻ ነው፤ ኃይሉ እስከ 127 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ድምፁ የሚወጣው ከሶፍትዌሩ ነው። በሶፍትዌር በኩል ሪፐር፣ ጋራዥባንድ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ሎጂክ ሁሉም ሥራውን ይሠራሉ፤ አንዱን ይዞ መልመድ ይሻላል።

ኢንተርፌሱ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሰካ። ቀረጻ ላይ እዝዝዝ የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል። የአራት ደቂቃ ዘፈን በአሥር ትራክ 345 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለዛሬ ዲስክ ኢምንት ስለሆነ፣ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ሙሉ ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።