ፌሚኒዝም፣ ዓለም አቀፍ ሕግና የመናገር ነፃነት

ፌሚኒስት (ለሴቶች እኩልነት የሚሟገቱ) የሕግ ምሁራን ዓለም አቀፍ ሕግን ከሥሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ "ሰው" ሲባል ማን ማለት ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊቷ ኦሎምፕ ደ ጉዥ በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጻፈች። ሴት ለመገደል ወደ ሰገነት መውጣት ከቻለች፣ ለመናገርም ወደ መድረክ መውጣት አለባት የሚል ሐሳብ አለበት። በ1793 በጊዮቲን፣ በአንገት መቁረጫው መሣሪያ፣ ተገደለች።

"ሰው" ሴትንም ይጨምራል ወይ የሚለውን ክርክር በደንብ ተመዝግቦ የምናገኘው በተባበሩት መንግሥታት ዘመን ነው። በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የድርጅቱን መመሥረቻ ሰነድ፣ ቻርተሩን፣ ከፈረሙት ውስጥ ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከነሱ የብራዚሏ ቤርታ ሉትዝና የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሚነርቫ በርናርዲኖ የወንድና የሴት እኩልነት በጽሑፉ እንዲሰፍር ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ሐረጉን መጀመሪያ ማን አመጣው የሚለው ያነጋግራል፤ የሁለቱን ድካም ማሳነስ ግን ነውር ነው።

የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ሲረቀቅም የመጀመሪያው አንቀጽ በእንግሊዝኛ "ወንዶች ሁሉ" የሚል ንባብ ነበረው። በእንግሊዝኛ ያው ቃል "ሰው" ተብሎም ይተረጎማል፤ የአርቃቂው ኮሚሽን ሰብሳቢ ኤሊኖር ሩዝቬልትም ችግር አልታያትም። ህንዳዊቷ ሃንሳ ሜህታ ግን አንዳንድ አገር ቃሉን ቃል በቃል ይዞ ሴቶችን ሊያስቀር ይችላል አለች። በ1948 የጸደቀው ጽሑፍ "የሰው ልጅ ሁሉ" ይላል። እኛ "ሰው" የሚል ቃል ስላለን ጭቅጭቁ ትንሽ ሊመስለን ይችላል። ትንሽ አልነበረም።

በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን የሚከለክለው ስምምነት በ1979 ጸደቀ። የጾታ ጥቃትን በስሙ አይጠራም፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ በ1992 ጥቃትም መድልዎ ነው ብሎ ክፍተቱን ደፈነ። ከዚያ ዓመት በፊት የሕግ ምሁራኑ ሂላሪ ቻርልስወርዝ፣ ክሪስቲን ቺንኪንና ሼሊ ራይት ምክንያቱን ጽፈውት ነበር፦ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተፈጸመ ድብደባ "ማሰቃየት" ይባላል፤ ያው ዱላ ሳሎን ውስጥ ሲያርፍ የቤት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

የመናገር ነፃነት ላይ ፌሚኒስቶች ራሳቸው አይስማሙም። አሜሪካውያኑ ካትሪን ማኪነንና አንድሪያ ድዎርኪን ፖርኖግራፊ የሴትን እኩልነት ይጥሳል ብለው በ1983 የከተማ ደንብ አረቀቁ። የኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተመሳሳይ ደንብ ብታወጣም የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ በ1985 ሻረው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በተቃራኒው ፖርኖግራፊ ሴቶችን ይጎዳል ወደሚለው ክርክር አዘነበለ። ሌሎች ፌሚኒስቶች ሳንሱር መጀመሪያ የሚያፍነው የሴቶቹን ብዕር ነው ብለው ሰጉ።

በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ራፖርተር (ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት የሚያቀርብ ገለልተኛ ባለሙያ) አይሪን ካን ሙሉ ሪፖርቷን ለዚህ ጉዳይ ሰጠች፤ በኦንላይን ስድብና ዛቻ ሴቶችን ዝም ማሰኘት ራሱ የመናገር መብት ጥሰት ነው የሚል። ኃላፊነቱ በ1993 ከተፈጠረ ወዲህ ቦታውን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።