ቅንጬ አረምና የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር አቅም

ፓርቴኒየም ሲባል ግር የሚለው ሰው ቅንጬ አረም ሲሉት ወዲያው ያውቀዋል። ነጫጭ አበባው እውነትም የተከካ ቅንጬ ይመስላል። ሐረርጌ ላይ ፈረምሲሳ ይሉታል፣ መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ ለማለት። ስሙን ያወጡት ገበሬዎች የደረሰባቸውን ነው የተናገሩት። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ያፈራል፣ በእጅ የነቀለውን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ላሟ ከበላችው ደግሞ ወተቷ ይመራል።

አረሙ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። እኛ ጋ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋና ሐረርጌ አካባቢ ታየ። ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ አልቀረም ይባላል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የድሮው ዓለማያ፣ እዚያው መሃሉ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቀድሞ ማጥናት የጀመረውም እሱ መሆኑ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጥናት አረሙ ወቅቱን ሙሉ ካልታረመ የማሽላን ምርት እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያ ማለት ገበሬው ዘርቶ፣ ጠብቆ፣ ባዶ እጁን ይገባል።

ጉዳቱን መለካት ግን ግማሹ ሥራ ነው። እንደኔ እምነት የአንድ ዩኒቨርሲቲ አቅም የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው፣ ዓመታት በሚፈጀው አሰልቺ ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የአሜሪካው ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ሐረማያና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አብረው የአረሙን የተፈጥሮ ጠላቶች ወደ አገር ለማስገባት ተነሱ። የመረጡት ቅጠሉን የሚበላ ዚጎግራማ የሚባል ጥንዚዛና ግንዱን የሚበሳ አንድ የነቀዝ ዘር ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ ጭንቀት ኑግ ነው። ኑግ የቅንጬ አረም የሩቅ ዘመድ ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ጥንዚዛው አረሙን ጨርሶ ወደ ኑጋችን ቢዞርስ? ስለዚህ አምቦ ባለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል፣ ነፍሳት በማያመልጡበት ኳራንታይን ውስጥ፣ ኑግንና ሌሎች ሰብሎችን ለጥንዚዛው እያቀረቡ የሚበላውንና የማይበላውን፣ እንቁላል የሚጥልበትንና የማይጥልበትን እየተከታተሉ መዘገቡ። ሰብል እንደማይጎዳ ከተረጋገጠና ፈቃድ ከተገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ ላይ ተለቀቀ። ከተጀመረ 11 ዓመት መሆኑ ነው! ለኔ ይሄ መዘግየት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የዚህ ሥራ ዋናው ድጋፍ የመጣው ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ከዩኤስኤአይዲ ነው፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ደግሞ ያልቃል። ጥንዚዛን ማርባት ግን የማያቋርጥ ሥራ ነው። ግሪንሃውሱ ውሃና ጠባቂ ይፈልጋል፣ ለጥንዚዛው ቀለብ እንዲሆን ራሱ አረሙ በማሰሮ እየተተከለ ያድጋል፣ ነፍሳትን የሚለይ ባለሙያም ከቦታው መጥፋት የለበትም። ይህ በዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ውስጥ ካልገባ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የተማረው ሰውም ይበተናል። ዚጎግራማ ደረቁን ወቅት አፈር ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፍና ዝናብ ሲጥል ነው የሚወጣው። በየክረምቱ ማሳ ድረስ ወርዶ ስንት እንደወጣ የሚቆጥር ተማሪ፣ ለሱም የመኪና ነዳጅና አበል ያስፈልጋል።