ሞኒተር ምንድን ነው?

የአምልኮ ባንድ የድምፅ ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ አንድ ምክር አትቀርም፦ «ሞኒተር ማለት ፊቱን ወደ ዘማሪዎቹ ያዞረ ስፒከር ነው። ከሞንታርቦው (ከዋናው ስፒከር) ሊንክ መውጫ ላይ ገመድ ስባችሁ መድረክ ላይ አንድ አስቀምጡ፣ በቃ።» ምክሯ ከመደጋገሟ የተነሳ እንደ ደንብ ተቆጥራለች። ውጤቷን ግን ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉ አዳራሾች እሁድ እሁድ እንሰማዋለን። የመዝሙር መሪዋ «ራሴን አልሰማም» ትላለች፣ ሚክሰር (የማይኮቹና የመሣሪያዎቹ ድምፅ ተሰብስቦ የሚመጠንበት ዕቃ) ላይ የተቀመጠው ልጅ ድምፅ ይጨምርላታል፣ ስፒከሩ ያፏጫል። ከዚያ «ሞኒተሩ ጥራት የለውም» ይባልና ሌላ ለመግዛት መዋጮ ይጀመራል። አዲሱም ያፏጫል።

ስፒከር ወደ ዘማሪ ስለዞረ ብቻ ሞኒተር አይሆንም። ሞኒተር የሚያሰኘው ወደ ውስጡ የሚገባው ነገር ነው፦ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቡድን ተለይቶ የተመጠነ፣ አዳራሹ ከሚሰማው ጋር ያልተቆራኘ የራሱ ሚክስ፣ ማለትም የድምፆች ቅንብር። ሣጥኑ ወለል ላይ ጋደም የሚል ይሁን፣ በስታንድ የቆመ ወይም ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ሥራው ያው ነው።

የሚኒባስ ታክሲን ስፖኪዮ አስቡት። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ። ስፖኪዮው የተስተካከለው ለሹፌሩ መቀመጫ ብቻ ስለሆነ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቢያየው የበር እጀታና ሰማይ ነው የሚታየው፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ሹፌሩ «ከኋላ የሚመጣው አይታየኝም» ካለ ስፖኪዮው ይነካል እንጂ መስኮቱ አይሰፋም። ዝንባሌው ሳይስተካከል ትልቅ ስፖኪዮ ቢገጠምለት ያንኑ የበር እጀታ በትልቁ ያያል። ሹፌር ሲቀየር አዲሱ መጀመሪያ የሚያስተካክለው እሱን ነው፤ ዘማሪ ሲቀየርም ሞኒተሩ እንደዚያው መነካት አለበት። ከሊንክ የተሳበው ስፒከር ታዲያ ከመስኮቱ ጋር የተበየደ ስፖኪዮ ነው፤ ተሳፋሪ መስኮት በከፈተ በዘጋ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

መበየዱ በተግባር ምን እንደሚያደርግ እንይ። የሊንክ መውጫ ዋናው ስፒከር የተቀበለውን ሲግናል እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ለአዳራሹ ተብሎ የመሪዋ ፌደር (ሚክሰሩ ላይ ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች) በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ሲል፣ ከማይኳ አንድ ሜትር ላይ ያለው ስፒከርም በ6 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ፊድባኩ (ፉጨቱ) የሚነሳው ከዚያ ነው። ለሕዝቡ እንዲያምር የተጨመረው ሪቨርብም (የገደል ማሚቶ ዓይነት ድምፅ) መድረኩ ላይ ይፈሳል፣ ዘማሪዋም የገዛ ቃሏን ጅምር መለየት ያቅታታል። ጸሎት ሲጀመር ኪቦርዱ ለአዳራሹ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ከበስተኋላ ቀስ ብሎ የሚጫወተው ልጅ ራሱን መስማት ያቆማል።

መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ ያለው ኦክስ፣ ማለትም ከዋናው ተለይቶ ለብቻው የሚመጠን መውጫ ነው፣ እሱም ፕሪ ፌደር (ድምፁን ከፌደሩ በፊት የሚወስድ) ሲሆን። ፖስት ፌደር ከሆነ ፌደሩን ተከትሎ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከሊንኩ ብዙም አይሻልም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ቻናል ላይ ሙዚቃ አስገቡ፣ የዚያን ቻናል ኦክስ ክፈቱ፣ ከዚያ ፌደሩን እስከ ታች አውርዱት። ሞኒተሩ ላይ ድምፁ ከቀጠለ ፕሪ ነው፣ አብሮ ከጠፋ ፖስት። በትንንሽ አናሎግ ሚክሰሮች ላይ «ኤፍኤክስ» (ኢፌክት) የተባለው መውጫ ብዙውን ጊዜ ፖስት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አትቁጠሩት። ዲጂታል ሚክሰር ላይ ደግሞ ፕሪው ከኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ ከሚያስተካክለው) በፊት ወይም በኋላ እንዲሆን መምረጥ ይቻላል። አዳራሹንም ሞኒተሩንም አንድ ሰው ከአንድ ሚክሰር የሚያስተካክል ከሆነ ከኢኳላይዘር በኋላ ያለው ይሻለዋል፤ ቻናሉ ላይ ያጸዳው ጉርምርምታ ሞኒተሩም ላይ ይጸዳለታል።

«መድረኩም አዳራሹ የሚሰማውን ይስማ፣ ያኔ ባንዱ አንድ ይሆናል» የሚል ተከራካሪ አለ። ከቅንነት የመጣ ሐሳብ ነው፣ ግን አይሠራም። አዳራሹ የሚፈልገው ሙሉ ሙዚቃ ነው። ዘማሪ የሚፈልገው ቃናውንና ምቱን የሚይዝበት ነገር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከአዳራሹ የሚመለሰው ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የኋላው ግድግዳ ከመድረኩ 15 ሜትር ቢርቅ ደርሶ ለመመለስ 30 ሜትር፣ ማለትም 87 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያንን እየተከተለ የሚዘምር ሰው መጎተቱ አይቀርም። ፎቅ ላይ የተከራዩ ሴራሚክ ወለልና የመስታወት ግድግዳ ያላቸው አዳራሾች ውስጥ መዘምራን ከድራሙ ወደ ኋላ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ልምምድ ማነሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነገር ይሁን። ለመሪዋ የራሷ ድምፅ፣ ከሥሩ ኪቦርድ። ለድራመሩ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና የመሪዋ ድምፅ። ለቤዝ ተጫዋቹ ኪክ (የድራሙ የእግር ከበሮ) እና ኪቦርድ። ብዙ ቤተ ክርስቲያን የሚሳሳተው ኳየሩ ላይ ነው። ኳየሩ ከፊቱ ከፍ ብለው በቆሙ ኮንደንሰር (ድምፅን ከራቅ ብለው በሚይዙ) ማይኮች የሚነሳ ከሆነ የእነዚያን ማይኮች ድምፅ ወደ ኳየሩ ሞኒተር አትመልሱ። ማይኮቹ ከዘማሪዎቹ ራቅ ስለሚሉ ጌናቸው (ድምፃቸው ወደ ሚክሰሩ ሲገባ የሚጎላበት መጠን) ከፍ ተደርጓል፤ ስለዚህ ገና ጠቃሚ ድምፅ ሳይሰጡ ያፏጫሉ። ኳየሩ እርስ በርሱ ይሰማማል። የሚጎድለው ቃና ስለሆነ ኪቦርዱንና የመሪዋን ድምፅ ስጡት።

የሞኒተሩን ቦታ የሚወስነው ማይኩ ነው። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ የሚመጣውን አብልጦ የሚሰማ)፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58፣ በጣም የሚደነቁረው ለቀጥታ ጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሞኒተሩ ከዘማሪው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ የማይኩ ጭራም ወደ ሞኒተሩ እንዲያመለክት ስታንዱ ላይ ይዘነበላል። ሱፐርካርዲዮይድ (የፊት አሰማሙ ይበልጥ የጠበበ) የሆነው የሹር ቤታ 58ኤ ግን በቀጥታ ጀርባው በኩል ትንሽ ይሰማል። እሱ የሚደነቁረው ከፊቱ 125 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሞኒተሩን ከመሐል ወደ ጎን ማሸሽ ያስፈልጋል። ማይክ በቀየሩ ማግስት «ሞኒተሩ ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች ያላስተዋሉት ይህን ነው። የማይኩን ጭንቅላት በእጅ ጨብጦ መያዝ ደግሞ ሁለቱንም ማይክ ዙሪያውን እንዲሰማ ያደርገዋልና ሁሉንም ልፋት ያፈርሳል።

የተከፈቱ ማይኮች ብዛትም ከሞኒተሩ ጥራት ባልተናነሰ ይወስናል። ቁጥራቸው በእጥፍ ባደገ ቁጥር ፊድባክ ሳይነሳ ልታገኙት የምትችሉት ድምፅ በ3 ዲሲቤል ይቀንሳል። ከ2 ወደ 8 ማይክ ስትሄዱ 6 ዲሲቤል አጣችሁ ማለት ነው። መዝሙር እየተዘመረ የሰባኪው ክሊፕ ማይክ ክፍት ከሆነ ዝጉት።

ሱቅ ውስጥ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» ነው። ዋት በእጥፍ ቢጨምር የሚገኘው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ሞኒተሩን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ማስጠጋት ግን 6 ዲሲቤል ይሰጣል፤ በአዳራሽ ውስጥ ትንሽ ቢያንስም ጥቅሙ ያው ነው፣ ያለ ምንም ወጪ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ፒክ (ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ከፍተኛ ኃይል) ስለሆነ ቀጣይ ኃይሉን ጠይቁ። ለዘማሪ 10 ወይም 12 ኢንች አክቲቭ (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ) ሣጥን ይበቃል። ፓሲቭ (የውጭ አምፕሊፋየር የሚፈልግ) ካላችሁ ኦሙን (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን መለኪያ) ቁጠሩ፤ ሁለት ባለ 8 ኦም በአንድ አምፕሊፋየር ቻናል ላይ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ሦስተኛውን ስትቀጥሉ ወደ 2.7 ይወርዳል፣ 4 ኦም ድረስ ብቻ የተሠራው አምፕሊፋየርም ይግላል ወይም ራሱን ያጠፋል።

ገንዘብ ውስን ከሆነ ከሣጥን በፊት ኦክስ ግዙ። አራት ሞኒተር በአንድ ኦክስ ከማሰለፍ ሁለት ሞኒተር በሁለት ፕሪ ኦክስ ይሻላል። ከዲጂታል ሚክሰሮች ቤህሪንገር ኤክስአር18 ስድስት ኦክስ መውጫ አለው፤ ለአንድ አማካይ ባንድ በቂ ነው። ሦስተኛው ሞኒተር ለድራመሩ ባለገመድ ኢርፎንና ትንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየር ይሁን። ድራሙ አጠገብ ሣጥን ማስቀመጥ ከድራሙ ጋር ጩኸት መፎካከር ነው፣ የሚጎዳውም ጆሮው ነው፤ በ100 ዲሲቤል አካባቢ ጆሮ ያለ አደጋ የሚቆየው በቀን 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ኢርፎን የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም ጆሮ ያድርግ። አንዱን አውጥቶ የሚዘምር ሰው የቀረውን እየጨመረ ይሄዳል።

ሲገጠም አካሄዱ እንዲህ ነው። ማይኩን በሚቆምበት ቦታ አቁሙ፣ ሎ ካቱን (ወፍራም ጉርምርምታን የሚቆርጠውን) 100 ወይም 120 ኸርዝ ላይ አድርጉ፣ ኦክሱን ማፏጨት እስኪጀምር ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ያፏጨውን ፍሪኩዌንሲ በ31 ባንድ ኢኳላይዘር ላይ 3 ዲሲቤል ቀንሱና እንደገና ክፈቱ። ከሦስት ከአራት ቅነሳ በኋላ ግን አቁሙ፤ ከዚያ በላይ የሚቀነሰው የዘማሪው ድምፅ ራሱ ነው። በመጨረሻም ኦክሱን ካቆማችሁበት 6 ዲሲቤል ገደማ ዝቅ አድርጉ፤ ሰው ማይኩን ይዞ ሲንቀሳቀስ ያ ትርፍ ያስፈልጋል።

መርካቶ ሄዳችሁ ስትገዙም ሙዚቃ አጫውቶ ማዳመጥ አይበቃም። ዘማሪያችሁ የሚይዘውን ማይክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱን ሣጥኖች በየተራ አንድ ሜትር ላይ አስቀምጡ፣ ሳያፏጭ አብልጦ የጮኸውን ምረጡ። የኋላውን የቮልቴጅ ጽሑፍም አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ መቀየሪያ ካለው ደግሞ የኛን 220 ሶኬት ከመንካቱ በፊት 230 (ለኛ የሚሆነው ምርጫ) ላይ መሆኑ ይታይ።